ባትሪው ባለቀ ቀን በሊትር ስንት ይሄዳል?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም ዘመድ ሊገዛ ሲል "እስኪ አማክረኝ" የሚላችሁ ሰዎች ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በዚህ አንድ ወር ውስጥ ስለ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪና በውስጥ መስመር የጠየቁኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከነሱ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከጎንደር ባህር ዳር ኮንትራት እየሠራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ቪትዙን ሸጦ፣ የእናቱን ቤት አስይዞ ብድር ጨምሮበት ፕለግ ኢን ሊገዛ ነው። የጻፈልኝ እንዲህ ነው፦ "ቲቸር፣ ደላላው በሊትር 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኛል፤ ወረቀቱም ላይ እንደዚያ ነው። ይሆናል?"

አጭሩ መልስ፦ ወረቀቱ ላይ ይሆናል። ደባርቅ መንገድ ላይ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ላስረዳ።

ለማያውቁት በአጭሩ። ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ማለት የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም ያለው፣ ባትሪው ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ የሚደረግ መኪና ነው። ባትሪው ከተራው ሃይብሪድ በጣም ይበልጣል፤ ከሙሉ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ያንሳል። ሲሞላ እንደ መኪናው ዓይነት 40፣ 60 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቤንዚን ሳይነካ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ይረከባል። ጭቅጭቁ ያለው እዚህ "ከዚያ በኋላ" የሚባለው ላይ ነው።

የ60ው ቁጥር ከየት መጣ?

በአውሮፓ መኪና ሲፈተሽ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ ባትሪው ሞልቶ፣ አንዴ ባትሪው አልቆ። ከዚያ ሁለቱን ውጤቶች ደባልቀው አንድ ቁጥር ያወጣሉ። ሲደባልቁ "ባለቤቱ በየጊዜው ቻርጅ ስለሚያደርግ አብዛኛውን ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ነው የሚነዳው" የሚል ግምት ይጠቀማሉ። ለምሳሌ ባትሪው ሲያልቅ ለ100 ኪሎ ሜትር 6.2 ሊትር የሚበላ መኪና ውሰዱ። ከ10 ኪሎ ሜትር 8ቱ በኤሌክትሪክ ነው ብለን ብናስብ 6.2 ሊትሩ ወደ 1.2 ሊትር ይወርዳል። በሊትር 80 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው! ሒሳቡ ስህተት የለበትም። ጥያቄው ግን፦ 8ቱን ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ የነዳው ማነው? አንተ ነህ?

ይህን አውሮፓውያን ራሳቸው አይተውታል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ያወጣው ሪፖርት ከመኪኖቹ ውስጥ በቀጥታ የተሰበሰበ መረጃ ነው። ወረቀቱ ለፕለግ ኢኖች በአማካይ ለ100 ኪሎ ሜትር 1.7 ሊትር ገደማ ሲል፣ መንገድ ላይ የተገኘው ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ ነው። ሦስት እጥፍ ተኩል! ለተራ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ልዩነቱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ባለቤቶች እንደተገመተው ቻርጅ ስለማያደርጉ ነው። መሥሪያ ቤቱ ነዳጅ የሚሸፍንለት ሰው ምን አስጨንቆት ገመድ ይጎትታል? ሕጉንም ከዚያ ወዲህ ግምቱ ወደ እውነቱ እንዲጠጋ ቀይረውታል።

እንግዲህ ይህ በየጓዳው መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። እነሱ ሶኬቱ እያለ ሳይሰኩ ቀሩ፤ እኛ ደግሞ ልንሰካ እየፈለግን መብራቱ ይጠፋብናል።

ቻይና ደግሞ ሌላ ቋንቋ አላት። እዚያ አምራቾቹ "ባትሪው ሲያልቅ የሚበላው ነዳጅ" የሚለውን ቁጥር ለብቻው አውጥተው ያስተዋውቃሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲሱን ሲስተም ሲያስተዋውቅ ባትሪው ባለቀበት ለ100 ኪሎ ሜትር 2.9 ሊትር ብሏል። ነገር ግን ይህ የተለካው ኤንኢዲሲ በሚባለው የድሮ ፈተና ነው። ፈተናው ላብራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ የሚደረግ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። ዳገት የለውም። ጭነት የለውም። ወገራ የለበትም።

ለኔ ከሁሉም የሚሻለው የአሜሪካኖቹ ነው። መስኮቱ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይጽፋሉ፤ በኤሌክትሪክ ይህን ያህል፣ በቤንዚን ብቻ ይህን ያህል። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ሁሉም ባትሪው ካለቀ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፣ ወደኛ አቆጣጠር ለውጬዋለሁ።

– ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም (ከ2017 እስከ 2022 ሞዴል)፦ በሊትር 23 ኪሎ ሜትር ገደማ።
– ቶዮታ ራቭ 4 ፕራይም፦ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ።
– ሚትሱቢሺ አውትላንደር ፕለግ ኢን (2018 ሞዴል)፦ በሊትር 10 ተኩል ገደማ።

አያችሁ? ሦስቱም "ፕለግ ኢን" ናቸው። ባትሪው ሲያልቅ ግን አንዱ የሌላውን ከእጥፍ በላይ ይበላል። ስለዚህ "ፕለግ ኢን ስለሆነ ነዳጅ ቆጣቢ ነው" የሚባል ነገር የለም። የትኛው ፕለግ ኢን? ባትሪው ሲያልቅስ?

"ባትሪው አለቀ" ሲባልስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዳሽቦርዱ ባዶ ቢያሳይም ባትሪው እውነት ባዶ አይደለም። መኪናው የተወሰነ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይና ፍሬን ሲያዝ እየሞላ፣ ሲነሳና ሲቀድም እየተጠቀመበት እንደ ተራ ሃይብሪድ ይሠራል። ስለዚህ "ባትሪው ካለቀ ሸክም ብቻ ነው፣ ከተራ ቤንዚን መኪና ይብሳል" የሚሉትም ልክ አይደሉም። ራቭ 4 ፕራይም ባትሪው አልቆ የሚበላው ከተራው ራቭ 4 ሃይብሪድ በትንሹ ነው የሚበልጠው፤ ክብደቱ ነው ልዩነቱ። ደህና የተሠራ ፕለግ ኢን ባትሪው አልቆም ደህና መኪና ነው።

ችግሩ ረጅም ዳገት ነው። ያም የኛ አገር ነው።

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ወደ 700 ሜትር ትወጣላችሁ፤ በመሃል ያለውን መውጣት መውረድ ሳንቆጥር። ፊዚክስ የተማራችሁ አስሉት። መኪናው ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 2,200 ኪሎ ቢመዝን፣ ይህን 700 ሜትር ለመውጣት ብቻ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይፈልጋል። ይህ በቤንዚን ሲተመን 1.3 ሊትር አካባቢ ነው። እና በሊትር 16 የሚሄደው መኪና ደባርቅ ሲደርስ የበላው 6.2 ሊትር ሳይሆን 7 ተኩል አካባቢ ይሆናል። በሊትር 13 ማለት ነው። በላዩ ላይ ፖርቶ መጋላ ጭናችሁ፣ ጎማው ነፋስ ጎድሎት፣ በየከተማው እየቆማችሁ ከሆነ ከዚያም ይወርዳል።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አስር በመቶ ያህል ያጣል። ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል አጥቷል። ብዙዎቹ የቢዋይዲ ፕለግ ኢኖች ላይ ያለው ባለ 1.5 ሊትር ሞተር 81 ኪሎዋት ነው የሚባለው፤ ወገራ ላይ 60 አካባቢ ነው የሚቀረው። የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከፍታው አይነካውም። ባትሪው ውስጥ ቻርጅ እስካለ ድረስ መኪናው ዳገቱን እየሳቀ ይወጣል። መጠባበቂያው ካለቀ ግን ያ ትንሽ ሞተር ብቻውን ሁለት ቶን ተሸክሞ ይጮኻል። "ትናንት እንደ ንስር ነበር፣ ዛሬ ምን ሆነ?" እያለ መካኒክ ጋ የሚሄድ ሰው ምንም የተበላሸ ነገር የለበትም። ባትሪውን ሜዳ ላይ ጨርሶ ነው ዳገቱን የጀመረው።

መፍትሔ አለው። አብዛኞቹ ፕለግ ኢኖች ባትሪውን ቆጥቦ የሚያቆይ ማዘዣ አላቸው፤ "ሴቭ" ወይም "ሆልድ" ይላል። ሜዳውን በቤንዚን ነድታችሁ ባትሪውን ለዳገቱ አቆዩት። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሼቭሮሌት ቮልት "ማውንቴን ሞድ" የሚል ራሱን የቻለ ማዘዣ ነበረው፤ ሥራው ይኸው ነው።

የሊማሊሞ ነገር

አሁን ብዙ ሰው ያላሰበውን ልናገር። ባትሪው ማለቁ በጎ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ እሱም ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነው።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ያ ሁሉ ቁልቁለት 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ጉልበት ነው። በተራ መኪና ፍሬን ሸራ ላይ ይቃጠላል፤ ሽታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተራ ሃይብሪድ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ጥቂት ዙር ሳይወርድ ይሞላበታል። ፕለግ ኢን ግን ባትሪው ሰፊ ነው። ባዶ ከሆነ ግማሹን እንኳ ቢመልስ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታች ደርሳችሁ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በነጻ ትነዳላችሁ።

ሞልታችሁ ከወረዳችሁስ? ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ሸክሙ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አልነግርም። ስለዚህ ደባርቅ አድራችሁ ወደ ዛሪማ የምትወርዱ ከሆነ ባትሪውን እስከ አፉ አትሙሉት። ቦታ ተዉለት። ስትመለሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ፤ ከታች ቻርጅ ይዛችሁ ውጡ። ይህን ምክር ደላላ አይነግራችሁም፤ የመኪናውም መመሪያ ስለ ሊማሊሞ አያውቅም።

ታዲያ ለማን ያዋጣል?

ሒሳቡን በብር እናድርገው። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር ተሻግሯል፤ ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 120 ብር እንያዝ። በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ሲገዛ ዋጋውን ሻጩ ነው የሚቆርጠው፤ እሱን አላስገባሁትም። የመብራት ታሪፍ እየጨመረ ስለሆነ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብለን ከፍ አድርገን እንያዝ። 18 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት፣ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 20 ኪሎዋት ሰዓት ከግድግዳ ይወጣል፤ 120 ብር። በዚህ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኪሎ ሜትሩ 2 ብር። ባትሪው ሲያልቅ ግን በሊትር 16 ቢሄድ ኪሎ ሜትሩ 7 ብር ተኩል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መኪናው ያው አንድ መኪና ነው!

አሁን ሦስት ሰዎች እናስብ።

አንደኛዋ አዘዞ የምትኖር፣ ፒያሳ የምትሠራ፣ የግል ግቢ ያላት ሴት ነች። በቀን 25፣ 30 ኪሎ ሜትር ትነዳለች። በሁለት ቀን አንዴ ማታ ትሰካለች። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ ቤንዚን አላት፤ ሥራ አትቀርም። ለሷ ፕለግ ኢን ግሩም ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ የምታድርበት ሌሊት አይኖርም።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወይም ኪራይ ቤት የሚኖር ነው። ሶኬት የለውም፤ አከራዩ "ቆጣሪው የጋራ ነው" ይላል። እሱ ቻርጅ አያደርግም። ለሱ ባትሪው ሁልጊዜ ያለቀ ነው። ሚሊዮኖች ጨምሮ የገዛው ትልቅ መኪና በደህና የተያዘ ቪትዝ የሚበላውን ያህል ይበላለታል። ለመኪናው መጥፎ ውጤት አይደለም፤ ለሰውየው ኪስ ግን ኪሳራ ነው። ተራ ሃይብሪድ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ተማሪዬ ነው። ጎንደር ባህር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞልቶ ቢነሳ 60ውን በኤሌክትሪክ፣ 120ውን በቤንዚን ይሄዳል፤ 7.4 ሊትር። ባህር ዳር ቻርጅ ሳያደርግ ዞሮ ከተመለሰ ሌላ 11.2 ሊትር። ባጠቃላይ 360 ኪሎ ሜትር በ18.6 ሊትር፣ በሊትር 19 ኪሎ ሜትር። ከ60 ጋር ምን አገናኘው? ለዚህ ልጅ መልሴ ይህ ነው፦ የእናትህን ቤት በ60 ሒሳብ አታስይዝ። ብድሩን በ16 አስላው። በ16 ወርሃዊ ክፍያህን የሚሸፍን ከሆነ ግዛ፤ ቻርጅ ያደረግክበት ቀን ትርፍ ይሆንልሃል። በ16 የማይሸፍን ከሆነ ቪትዝህን ያዝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን።

"ለምን ሙሉ ኤሌክትሪክ አይገዛም?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ አቅጣጫ ወደዚያ ነው፤ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ሕዳሴውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እኔም አልቃወምም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይበልጣል። ግን ግድቡ ላይ ያለው መብራት ጎንደር ሰፈር ትራንስፎርመር ላይ አይደለም። ደባርቅ ደርሶ መብራት የጠፋበት ሙሉ ኤሌክትሪክ እዚያው ያድራል። ፕለግ ኢን ግን ተበድሮም ቢሆን ይመለሳል። ሰዎች ወደሱ የሚሳቡት ለዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ብቻ የተበደረው ስንት እንደሆነ ይወቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ሲጠፋ በቤንዚን ጀነሬተር ቻርጅ የምታደርጉ አላችሁ ይባላል። ተዉት። ትንሽ ጀነሬተር በአንድ ሊትር የሚሰጣችሁ ኤሌክትሪክ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቢያስኬድ ነው። ያንኑ ሊትር መኪናው ውስጥ ብታስገቡት 16 ይሄዳል። ሌላው፣ ቤታችሁ ኧርዝ ከሌለው ብዙ ቻርጀሮች ቀይ አብርተው አንሠራም ይላሉ። ቻርጀሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ ለኩ

1. ባትሪው ወደ መጠባበቂያው እስኪወርድ በኤሌክትሪክ ንዱት። ሻጩ "ሞልቼልሃለሁ" ብሎ ደስ ሊያሰኛችሁ ይሞክራል፤ እናንተ የምትፈልጉት ያለቀውን ነው።
2. ነዳጅ ሙሉ፤ ማደያው ጠመንጃ ራሱ ሲያቆም አቁሙ። ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጉ።
3. ቢያንስ 80፣ 100 ኪሎ ሜትር ንዱ፤ ግን ደርሶ መልስ ይሁን። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ መመለስ ጥሩ ነው። የወጣችሁትን ስለምትወርዱ ከፍታው አያታልላችሁም። ቁልቁለት ብቻ ነድቶ "በሊትር 40 ሄደ" የሚል ሰው አያሳስታችሁ።
4. ስትመለሱ የባትሪው መጠን ስትነሱ የነበረው ያህል መሆኑን እዩ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው ጠመንጃ መልሳችሁ ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር አካፍሉ።
5. ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን አማካይ አትመኑ። ብዙ ጊዜ ባለፈው ባለቤት በኤሌክትሪክ የተነዳው ሁሉ ተደባልቆበታል።

"በዚህ የነዳጅ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ልሙላ?" ትሉኛላችሁ። አዎ ሁለት ጊዜ። የሁለት ቀን ሰልፍ ከአምስት ዓመት ዕዳ ይቀላል። አባቶቻችን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ያሉት ለዚሁ ነው። ለክታቸው የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ተነስታችሁ ሂዱ።

ለሻጮችና ለአስመጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ማስታወቂያችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ሲሞላና ሲያልቅ። ይህን የሚያስገድድ ሕግ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ በ60 ያታለላችሁት ሰው ነገ አስር ሰው ይመልስባችኋል፤ ጎንደር ትንሽ ከተማ ነች። ለሆቴሎችም፦ ጎንደርም ደባርቅም ግቢ ውስጥ ኧርዝ ያለው አንድ ደህና ሶኬት ብታዘጋጁና የተጠቀመበትን ብታስከፍሉ፣ ሰሜን ተራሮችን ሊያይ የመጣ እንግዳም ሹፌሩም እናንተ ጋ ያድራል።

ፕለግ ኢን ያላችሁ ደግሞ ከላይ በጻፍኩት መንገድ ለክታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። የመኪናው ሞዴል፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ሰው እንደጫናችሁ፣ ባትሪው አልቆ በሊትር ስንት እንደሄደ። ከአስር ሰው በላይ ከጻፈ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ መልሼ እለጥፈዋለሁ። የላብራቶሪ ሮለር ሳይሆን የወገራ መንገድ የመሰከረው ቁጥር በእጃችን ይኑር።

ሰላም ዋሉ። ሊገዛ ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት።